አባ መብረቅን ጥሩልኝ

ገብስ እንጂ ጤፍ በማይበቅልበት በአንድ ደጋ አገር አንድ ሰው ነበር። መሬቱ እንደ ጎረቤቶቹ መሬት፣ በሬዎቹም እንደ ጎረቤቶቹ በሬዎች ናቸው። ከሰው የሚለየው በፈረሱ ብቻ ነበር። ፈረሱ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት ዳማ ነው፤ ደረቱ ሰፊ፣ ጆሮው እንደ ጦር ጫፍ የቆመ። ሽምጥ ሲጋልብ ሰው የሚያየው አቧራውን እንጂ ኮቴውን አልነበረም። መብረቅ ብሎ ሰየመው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሰውየውን እናቱ ያወጣችለት ስም ቀረ። በገበያም፣ በደቦም፣ በልቅሶ ቤትም «አባ መብረቅ» ሆነ። ሚስቱ ሳትቀር በዚያው ትጠራው ነበር።

ስሙን እንደ ርስት ያዘው። «አባ መብረቅ!» ሲሉት ከተቀመጠበት ይነሣል፣ ትከሻው ይሰፋል። ለፈረሱ የቀይ ከፋይ ግላስ አሰፋለት፤ መጣብሩን በብር አሠራለት። ከልጆቹ ማዕድ ቀንሶ ለፈረሱ ገብስ ይሰጣል እያሉ የሚያሙትም ነበሩ።

ፈረሱ አንድ ጠባይ ነበረው። ድንገተኛ ድምፅ አይወድም። በቡሄ ልጆች ጅራፍ ሲያጮኹ ደንብሮ የጎረቤት አጥር ጥሶ ገብቶ ነበር። ጎረቤቱ «ወንድሜ፣ ይህን ፈረስ ሰው መሃል አታምጣው» ቢለው አባ መብረቅ ሳቀና «ደም ያለው ፈረስ እንዲህ ነው» ብሎ አለፈ። አጥሩን ግን በነጋታው ሄዶ አጠረለት። ክፉ ሰው አልነበረም።

በዚያ ዓመት የደብሩ ጣራ ያፈስስ ነበር። ማኅበሩ ተሰብስቦ መከረና ለባለ ፈረሶች ሁሉ መልእክት ላከ። በቃና ዘገሊላ ዕለት ፈረሶቻችሁን ሸልማችሁ ወደ ሜዳው አምጡ፤ አገሩ ወጥቶ ይያቸው፤ ያየ ሁሉ ለጣራው የአቅሙን ይስጥ። ሐሳቡ መልካም ነበር። ሕዝቡን ከፈረሶቹ የሚለይ ረጅም ገመድም ተዘጋጅቶ ነበር። በዋዜማው ግን ንፋስ ዳሱን ስለጣለው ገመዱ ለዳሱ ማሰሪያ ዋለ። ጠዋት የማኅበሩ ሰዎች በተረከዛቸው አፈሩ ላይ መስመር ጫሩና «ከዚህ ወዲህ እንዳታልፉ» አሉ። እኩለ ቀን ሳይሆን መስመሩን ሕፃናት ረግጠው አጠፉት። ማንም ተመልሶ አልጫረውም።

ከሜዳው ወጣ ብሎ፣ ወደ ወንዝ በሚወርደው መንገድ ዳር፣ አንዲት ቆሎ ሻጭ እንቅቧን ዘርግታ ተቀምጣለች። ፈረስ ልታይ አልመጣችም። በየዓመቱ በዚያች ድንጋይ አጠገብ ትቀመጣለች፤ ሰው ከታቦት ሲመለስ በስኒ እየሰፈረች ትሸጥለታለች። ባሏ ሞቶባት ሁለት ልጆች የምታሳድገው በእግሯ ነው። ሰኞ በአንዱ ገበያ፣ ሐሙስ በሌላው፣ ቅዳሜ ቁልቁል ቆላ ወርዳ።

አባ መብረቅ ወደ ሜዳው ሲገባ እልልታው ቀለጠ። በሶምሶማ ጀመረ፤ ዞሮ ሽምጥ ለቀቀው፤ ሕዝቡ ጫፍ ሲደርስ በልጓም ሰብስቦ በሁለት እግሩ አቆመው። ሰው ሁሉ ወደ ኋላ ተንጋግቶ ተመልሶ ተጠጋ። በዚያ ዕለት ለጣራው ከተሰጠው ገንዘብ የሚበዛው የተሰጠው በዚያች ቅጽበት ነው ይባላል። የማኅበሩ አለቃ መጥቶ አዲስ ኩታ በትከሻው ጣለለትና «አባ መብረቅ! ኑርልን!» አለው። እርሱም ላቡን ጠርጎ ጠላ ሊቀምስ ወደ ዳሱ ሄደ።

የጎረቤቱ ልጅ፣ ጢሙ ገና ያቀመቀመ ጎረምሳ፣ ሮጦ ደረሰበት።

«ጋሼ፣ ዛቡን ልያዝልዎ።»

«ያዝ። እንዳትወጣበት ግን።»

ይህን ያለው ፊቱን ሳያዞር ነው። አንድ እግሩ ዳሱ ውስጥ ነበር።

ጎረምሳው ያዘ። ጓደኞቹ ከበቡት። «እስቲ ውጣበት፣ ምን ፈራህ!» አሉት። ልጃገረዶች እያዩት ነበር። እግሩን እርካብ ላይ አደረገ። ኮርቻው ላይ በቅጡ ሳይደላደል ከዳሱ ኋላ አንድ ደስታ የያዘው ሰው ጠመንጃውን ወደ ሰማይ ተኮሰ።

ፈረሱ ደነበረ። ጎረምሳው የኮርቻውን ጫፍ ጨብጦ ዛቡን ለቀቀው። ፈረስ ሲደነግጥ የሚያውቀውን መንገድ ይዞ ይሮጣል፤ መብረቅ የሚያውቀው ደግሞ ማታ ማታ ውኃ የሚጠጣበትን የወንዝ መንገድ ነው። ቆሎ ሻጯ የሰማችው ጩኸት ነው። ቀና ስትል የፈረሱ ደረት ፊቷ ላይ ደርሶ ነበር። የፊት ኮቴው ቅልጥሟ ላይ አረፈ። እንቅቧ ተገለበጠ፤ ገብሱና ሽምብራው ከአፈሩ ጋር ተደባለቀ።

ወጌሻ ተጠራ። በሸንበቆ አሰረላትና «አጥንቱ በሁለት ቦታ ነው የተሰበረው፤ ይገጥም ይሆናል፤ እንደ ድሮው ግን አልልም» አለ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን አገሩ ሁሉ ያውቀዋል። አባ መብረቅ «ልጁን አትውጣበት ብዬው ነበር» አለ። ልጁ «ተኩሱ ነው ያስደነበረው» አለ። ተኳሹ «በበዓል ቀን ሰው አይተኩስም እንዴ? ወሰን መከለል የማኅበሩ ሥራ ነው» አለ። ማኅበሩ «እኛ መስመር ጭረን ነበር፤ ደግሞም ለደብሩ ጣራ እንጂ ለራሳችን አላደረግነውም» አለ። አንዳንዱም ዝቅ ባለ ድምፅ «እሷስ ብትሆን እዚያ ምን አስቀመጣት?» ይል ጀመር። ሁሉም ያለው በየፊናው እውነት አለበት። ነገሩን አስቸጋሪ ያደረገውም ይኸው ነው። እውነቱ እንዲህ እየተቆራረሰ ለየሰው ሲደርስ ለቆሎ ሻጯ የተረፋት የተሰበረው እግሯ ብቻ ነበር። ስምንት ቀን ሙሉ ልጆቿ ጎረቤት ቤት በሉ።

በዘጠነኛው ቀን ነገሩ ከቤተ ክርስቲያኑ ጽድ ሥር ለሽማግሌ ቀረበ። እርሷን በቃሬዛ አመጧት። ዳኝነቱን የያዙት ሰው በዕድሜ የገፉ ገበሬ ናቸው፤ ቃል አያበዙም። በመጀመሪያ የጠየቁት እርሷን ነው።

«ልጄ፣ የት ነበር የተቀመጥሽ?»

«ከድንጋይዋ አጠገብ ነው፣ አባቴ።»

«ከመስመሩ ወዲህ ነሽ ወዲያ?»

«መስመር መኖሩንም አላየሁ። ከሜዳው ውጭ ነኝ። አምና እዚያው ነበርኩ፤ ካቻምናም።»

ሽማግሌው ሁለት ሰዎች ልከው ቦታውን አስለኩ። ከሜዳው ጠርዝ 40 እርምጃ ይርቃል። ራሳቸውን ነቀነቁና ወደ ባለ ፈረሱ ዞሩ።

እርሱም ቆሞ መናገር ጀመረ፤ አንደበተ ርቱዕ ነው። በፈረሱ ላይ አልነበርኩም አለ። ልጁን ከልክዬዋለሁ፣ ምስክር አለኝ አለ። ተኳሹን አላዘዝኩትም አለ። ከትርኢቱ አንዲት ሳንቲም አልወሰድኩም፣ ለቤተ ክርስቲያን ብዬ ነው የመጣሁት አለ። ዳሱ ውስጥ ሆኜ ምን ማድረግ እችል ነበር? ጥፋቴ የቱ ላይ ነው? ብሎ ጠየቀ። የሚሰሙት ሰዎች እርስ በርስ ተያዩ። ብዙዎቹ ሰውየው እውነቱን ነው ብለው ነበር።

ሽማግሌው «ጥፋትህን መች ጠየቅሁህ?» አሉት። «ስምህን ንገረኝ። ማን ትባላለህ?»

ሰውየው ዝም አለ። ሰባት ዓመት ሙሉ ይህን ጥያቄ ሳይጨርሱለት ሲመልስ የኖረ ሰው መሬት መሬት አየ። ከዚያም እናቱ ያወጣችለትን ስም ከነአባቱ ስም ተናገረ። ከኋላ የቆሙት ልጆች ማን እንደሆነ ግራ ገባቸው፤ ያን ስም ሰምተውት አያውቁም።

«ያን ሰው አላውቀውም» አሉ ሽማግሌው። «የቃና ዘገሊላ ዕለት እኔም ሜዳው ላይ ነበርኩ። ኩታ የተሸለመው ሌላ ሰው ነው። ጠላ የቀረበለትም፣ እልል የተባለለትም ሌላ ነው። እስቲ አባ መብረቅን ጥሩልኝ።»

አጠገባቸው የቆመው ሰው ግራ ተጋብቶ «አባ መብረቅ!» ብሎ ተጣራ። መልስ የለም።

«ድገመው።»

«አባ መብረቅ!»

በሦስተኛው ጥሪ ሰውየው ኩታውን ከትከሻው አወረደና «አለሁ» አለ። ድምፁ አልወጣም ማለት ይቻላል።

«እንግዲህ ከአንተ ጋር እንነጋገር» አሉ።

ከዚህ በኋላ ሰውየው ክርክሩን ተወ። ይልቁንስ ያልተጠበቀ ነገር አደረገ፤ ወደ ቃሬዛው ዞሮ «ፈረሱን ውሰጂው። ከነኮርቻው፣ ከነመጣብሩ» አላት። ያለው ሀብት ያ ነው፤ ስጦታው ትንሽ አልነበረም። ሕዝቡ አጉረመረመ።

እርሷ ግን «ጌታዬ፣ ፈረስ ምን አበላዋለሁ?» አለች። «ማንስ ይጠብቅልኛል? እኔ የምፈልገው ሐሙስ ገበያ የምሄድበትን እግር ነው።»

ሽማግሌው ብዙ አላሰቡም። ወጌሻው የሚጠይቀውን አባ መብረቅ ይክፈል። እንቅቧን ተሸክማ ገበያ እስክትወጣ ድረስ የቤቷ እህል ከእርሱ ጎተራ ይውጣ፤ ማሳዋን የእርሱ በሬዎች ይረሱ። እግሯ እንደ ድሮው ካልሆነ ለጎደለው ሁሉ እስከ ዕድሜዋ ይኑርላት። አባ መብረቅ ልጁ፣ ተኳሹና ማኅበሩ እንዴት ይሆናሉ ብሎ ሲጠይቃቸው የመለሱለትን እስከ ዛሬ ያወሩታል።

«ከእነርሱ ጋር ኋላ ትካሰሳለህ፤ እግር አለህ። እርሷ ግን የአራት ሰው ደጅ እየዞረች አትለምንም።»

ኋላ ከእነርሱም ጋር ተነጋገረ። ማኅበሩ ከተሰበሰበው ገንዘብ ላይ ቀንሶ ሰጠው፤ ጣራው አንድ ክረምት ተጨማሪ አፈሰሰ። ጎረምሳው እስከ ፋሲካ ከብት ጠበቀለት። ተኳሹ አገር ለቆ ሄደ ይባላል። የሴትየዋ አጥንት ገጠመ፤ አንድ እግሯ ግን አጥሮ ቀረ። በተከታዩ ጥምቀት አባ መብረቅ ፈረሱን እየሳበ በእግሩ መጣ፤ ዛቡን ለማንም አልሰጠም። ገመዱ ተወጥሮ ነበር።

ምሳሌው ይኸው ነው። ፈረሱ ዛሬ ብረት ለብሷል፤ ጉልበቱን ግን አሁንም የምንለካው በፈረስ ነው። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 4 ቀን 2015 በማልታ ደሴት በተካሄደ የመኪና ትርኢት ላይ 880 ገደማ የፈረስ ጉልበት ያለው ፖርሼ 918 ስፓይደር ከቁጥጥር ወጥቶ ተመልካቾች መሃል ገባ። ከ20 በላይ ሰዎች ቆሰሉ። ሲነዳ የነበረው ባለቤቱ ራሱ ነው፤ ትርኢቱም ለበጎ አድራጎት ገቢ ማሰባሰቢያ የተዘጋጀ ነበር። ከዚያ ዓመት በፊት፣ ሴፕቴምበር 28 ቀን 2014፣ በኔዘርላንድ ሃክስበርገን ከተማ ጎማው ከሰው ቁመት የሚስተካከል የትርኢት መኪና በተደረደሩ አሮጌ መኪኖች ላይ ወጥቶ ከወረደ በኋላ ሳይቆም ሕዝቡ ላይ ሄደ። ሦስት ሰዎች ሞቱ፤ አንዱ ሕፃን ነበር። የአገሪቱ የደኅንነት መርማሪ ቦርድ ጉድለቱን በፈቃድ ሰጪው ማዘጋጃ ቤትም፣ በአዘጋጁም፣ በትርኢት አቅራቢውም ላይ አገኘው። የከተማው ከንቲባም ሥልጣናቸውን ለቀቁ። በሁለቱም ቦታ ዳሱ ነበር፣ መልካሙ ሐሳብ ነበር፣ የተጫረው መስመርም ነበር ብዬ አስባለሁ።

እዚህ ላይ ሁለት ጥያቄዎች ይደባለቁብናል። እ.ኤ.አ. በ1957 በጣሊያን የሚሌ ሚሊያ ውድድር አንድ የፌራሪ መኪና ጎማው ፈንድቶ ሁለቱን ተወዳዳሪዎችና ዘጠኝ ተመልካቾችን ገደለ፤ ከሟቾቹ አምስቱ ሕፃናት ነበሩ። ኤንዞ ፌራሪ በሰው መግደል ወንጀል ተከሰሰና በ1961 ነፃ ወጣ። ያ የጥፋት ጥያቄ ነው። ለተጎጂው ማን ይድረስለት የሚለው ግን ሌላ ነው፤ የእኛ ሕግም ሁለቱን ለይቶ አስቀምጧል። በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የኢትዮጵያ ፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2081 የባለሞተር ተሽከርካሪ ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል፤ መኪናውን የነዳው ያልተፈቀደለት ሰው ቢሆንም እንኳ። የሚያድነው መኪናው ያን ጊዜ ተሰርቆበት እንደነበር ካስረዳ ነው። በቁጥር 2086 ደግሞ ጥፋት አልሠራሁም ወይም የጉዳቱ ምክንያት አልታወቀም የሚለው መከላከያ ይዘጋበታል፤ ኃላፊነቱ የሚቀርለት ወይም የሚቀነስለት ተጎጂው ራሱ ጥፋት ካለበት ነው። ሽማግሌው አስቀድመው የቆሎ ሻጯን መቀመጫ ያስለኩት ለዚህ ነው። አዘጋጁና ነጂው በየራሳቸው ጥፋት ሊጠየቁ ይችላሉ፤ ተጎጂው ግን ባለቤቱን ለመጠየቅ እነርሱን አስቀድሞ መፈለግ የለበትም። ይኸው ሕግ የቤት እንስሳ ባለቤት ጥፋት ከሌለበት እንስሳውን ለተጎጂው በመልቀቅ ከኃላፊነት እንዲወጣ ይፈቅዳል። ለመኪና ባለቤት ይህን መውጫ አላስቀመጠለትም።

ይህ ሕግ ይከብዳል የሚሉ አሉ። እኔ ትክክል ነው እላለሁ። ሰው በፈረሱ ስም እንደተጠራ ሁሉ ዛሬም «ባለ ቪኤይቱ»፣ «ባለ ቪትዟ» እየተባለ የሚጠራው በመኪናው ነው። መኪናውን አጥቦ፣ አንጸባርቆ፣ ኮፈኑን ከፍቶ፣ ሞተሩን አስጩሆ ለሰው ያሳየ ሰው ተመልካቹን ራሱ ወደ መኪናው ጠርቶታል። ለትርኢት ብቻም አይደለም፤ ለሠርግ የተሸለመ መኪና አደባባይ ላይ ጎማ እያስጮኸ ሲዞር፣ ሚዜው ቁልፉን ተቀብሎ እስቲ እኔ ልሞክር ሲል፣ መንገድ ዳር ጀበና ጥዳ የተቀመጠች ሴት ሁልጊዜ አለች።

ስለዚህ መኪናህን ለትርኢትም ሆነ ለሠርግ የምታወጣ ወንድሜ፣ የምታወጪ እህቴ፣ ቁልፉ ከኪሳችሁ አይውጣ። ቆሞ በሚታይ መኪና ውስጥ ልጅ መሪ እንዲይዝ ስትፈቅዱ ሞተሩ ጠፍቶ፣ የእጅ ፍሬኑ ተስቦ፣ ቁልፉ ተነቅሎ ይሁን። አጥሩ በአፈር ላይ የተጫረ መስመር ከሆነ ሞተር አታስነሡ፤ አዘጋጁ ቢለምናችሁም እንቢ በሉ። የሦስተኛ ወገን መድን አለኝ ብላችሁም አትዘናጉ፤ የመድን ውሎች ውድድርንና የፍጥነት ሙከራን ከሽፋን ማውጣት የቆየ ልማዳቸው ነው። ውላችሁን ዛሬ ማታ አውጥታችሁ አንብቡት፤ ትርኢት ይሸፍን አይሸፍን እንደሆነም ከመድን ድርጅታችሁ በጽሑፍ መልስ ተቀበሉ።